ፀሐይ የመታው ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው መቼ ነው?

ሳቅ መልካም ነገር ነው፤ ለጤናም ይበጃል ይባላል። ዳሩ ግን አለቦታው የሳቁት ሳቅ እንደ ዕዳ ሆኖ ከሰው ልብ ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እኔም በበኩሌ ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውድ አንባቢዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ ዕዳ ጥቂቱን ለመክፈል የታሰበ ነው።

ከዩኒቨርስቲ ወጥተን የመንግሥት ሥራ ከያዝን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ የመሬት ጥናት ከሚያደርግ ቡድን ጋር ወደ አዋሽ ሸለቆ ተላክን። ጓደኛዬ የደጋ ልጅ ነው፤ መልኩ ጠይም፣ ሥራ የማይሰለቸው ሰው ነው። ለወባ መከላከያ ተብሎ የታዘዘለትን ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ ይውጥ ነበር። በዚያን ቀን ነፋስ ስለ ነበረ «አየሩ ተስማምቶኛል» ብሎ ሸሚዙን አወለቀ፤ እጅጌ በሌለው ካናቴራ ብቻ ሆኖ፣ ባርኔጣም ሳያደርግ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ችካል ሲተክልና መሬት ሲለካ ዋለ።

ማታ ወደ ድንኳናችን እንደ ተመለስን «ትከሻዬን ይለበልበኛል» አለ። በባትሪ አብርተን አየነው፤ ያየነው ቀይ ነገር አልነበረም። እኔም «ፀሐይ የሚያቃጥለው ፈረንጅን ነው፤ አንተ ከመቼ ወዲህ ፈረንጅ ሆንህ?» አልሁት። ሁሉም ሳቀ። እርሱም አብሮን ሳቀ።

ሌሊቱን ብርድ ብርድ አለው፤ ደጋግሞም አስመለሰው። ከመካከላችን አንዱ «ይህማ ምች ነው፤ ዳማከሴ ቢገኝ በአንድ ጊዜ ይለቀው ነበር» አለ። በዚያ ቈላ ዳማከሴ ከየት ይምጣ? ጧት እንፈልጋለን ተባብለን ተኛን። ሲነጋ ትከሻውና ጀርባው ውሃ በቋጠረ እብጠት ተሸፍኖ አገኘነው። ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ ሰው ስለ ሆኑ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ጠጋ ብለው ቆዳውን ካዩ በኋላ፣ ፊደል የቈጠርነው ሁላችን ያልጠየቅነውን ጥያቄ ጠየቁት። «ልጄ፣ ሽንትህን ከሸናህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» አሉት። እርሱ ግን «ጋሼ፣ አውቶቡሱ መጣ እንዴ?» ብሎ መለሰላቸው። በዚያ ስፍራ የሚመጣ አውቶቡስ አልነበረም። ጋሼ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሄደው የመኪናውን ሞተር አስነሡ።

በደረስንበት ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ ሥራዋን እየሠራች «ትናንት ማታ ሲያስመልሰው ነበር ይዛችሁት መምጣት» አለችን። ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላልፎ 6 ቀን ተኛ። ዛሬ ድኖ ሥራውን ይሠራል። እኛ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ በድንቁርና አባክነናል፤ ያ ሌሊት ነፍሱን ሊያስከፍለው ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መርምሬ የተረዳሁትን እነሆ ለአንባቢዎቼ አቀርባለሁ።

የሚያቃጥለው ሙቀቱ አይደለም

አብዛኞቻችን ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ሙቀት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ዮሐን ሪተር የተባለ የጀርመን ሊቅ፣ ከብርሃን ቀለማት ከሐምራዊው ወዲያ ለዓይን የማይታይ ጨረር መኖሩን አገኘ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ይህንኑ ነው። በ1820 ደግሞ ኤቨራርድ ሆም የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ሁለት እጆቹን ፀሐይ ላይ አኖረ፤ አንዱን ራቁቱን ተወው፤ ሁለተኛውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ያለው ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ ይበልጥ ነበር፤ የተቃጠለው ግን ያልተሸፈነው እጅ ነው። እንግዲህ ቆዳን የሚጐዳው የማይታየው ጨረር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ምን ትርጕም አለው ቢባል፣ ነፋስ ቢነፍስም አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ሥራውን አይተውም ማለት ነው። እንዲያውም ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 እስከ 12 እጅ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በቀዝቃዛ አየሯ ውስጥ ሆነን የምንቀበለው ጨረር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይበልጣል። በሰሜን ተራራዎች ላይ የሚጓዝ ተማሪ ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ፊቱ ሊቃጠል ይችላል።

በቈላ ደግሞ ከጨረሩ ጋር ሌላ ጠላት ይጨመራል፤ እርሱም ሙቀቱ ነው። በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የቀንና የሌሊቱ፣ የበጋና የክረምቱ አማካይ መሆኑን ልብ ይሏል። በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ ሰው ቆዳው በጨረር ሲቃጠል፣ ሰውነቱም በላብ ውሃውን ይጨርሳል። የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ላብን እንደ ወትሮው አውጥቶ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጠላቶች ይተባበራሉ።

«ጥቁር ሰውን ፀሐይ አያቃጥለውም»

ይህ አባባል ከእውነት የተነሣ ስሕተት ነው። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ሜላኒን የሚባል ቀለም በብዛት ስላለው በእርግጥ ይከላከላል። በ1979 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር የነጮች የላይኛው ቆዳ ከመቶ 24 እጁን፣ የጥቁሮቹ ግን ከመቶ 7 እጁን ያህል ብቻ እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። ነገር ግን 7 እጅ ባዶ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከተጠራቀመ የሚበቃውን ያህል ያቃጥላል።

የሕክምናው ትምህርትም ራሱ በዚህ ነገር ዘግይቷል። የሐርቫርዱ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሰውን ቆዳ ፀሐይ እንደሚያቃጥለው መጠን በየመደቡ ለመለየት በ1975 ዘዴ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያ ያሰበው ስለ ነጮች ነበር። የጠይሞችና የጥቁሮች መደብ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ችግር ግን ይህ ነው፤ ብዙ መጻሕፍት የፀሐይ ቃጠሎ ምልክት ቆዳ መቅላቱ ነው ይላሉ። በጠይም ሰው ላይ መቅላቱ አይታይ ይሆናል፤ ቆዳው ከወትሮው ጠቈር ይላል ወይም ወደ ሐምራዊነት ያደላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀቱን መዳሰስ፣ ይለበልብህ እንደ ሆነ፣ ቆዳው ተወጣጥሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ሕመሙን በአፉ ነገረን፤ እኛ ግን ከቃሉ ይልቅ ባትሪያችንን አመንን።

ደግሞም ሁሉም ሰው እኩል አይከላከልም። አንዳንድ መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል። ዶክሲሳይክሊን አንዱ ነው፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለልዩ ልዩ ልክፈት የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ ናቸው። መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ መፍትሔው መድኃኒት ቤት ወይም ሐኪም ዘንድ ሲኬድ «ይህን እየወሰድሁ ፀሐይ ላይ ልሥራ ወይ?» ብሎ መጠየቅና መሸፈን ነው። ቆዳ ለማንጣት የሚቀቡትም ቅባት ተፈጥሮ የሰጠችንን ጥላ የሚገፍ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሜላኒን ሳይኖራቸው የተወለዱ፣ አልቢኖ የምንላቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በአጭር ጊዜ ውስጥ በብርቱ ይቃጠላሉ፤ ቃጠሎው ሲደጋገምም ለቆዳ ካንሰር ይዳርጋቸዋል። ለእነርሱ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ጌጥ ሳይሆን ሕይወት ነው።

ቃጠሎው ማታ የሚናገረው ለምንድን ነው?

የፀሐይ ቃጠሎ እንደ እሳት ቃጠሎ ወዲያው አይጮኽም። ሕመሙ የሚጀምረው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ የሚበረታውም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰውየው በቀን ሥራውን ሲሠራ ደኅና ይመስላል፤ ማታ ይለበልበዋል፤ ሌሊት ይብስበታል። ማታ ያየነው ገና የነገሩ መጀመሪያ ነው ማለት ነው።

ቀላል ቃጠሎ ያለው ሰው ቆዳው ይሞቃል፣ ያመዋል፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይላጣል። አእምሮው ንቁ ከሆነ፣ ውሃ ከጠጣ፣ ሽንቱ ከወረደ፣ ትኵሳት ከሌለው በቤት ይታከማል። ሐኪም ቤት የሚያስኬደው ምልክት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንባቢ እንዲያስታውሰው በየተራው ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ የአእምሮ መለወጥ ነው። ሰውየው ያለበትን ቦታ ካጣ፣ የማይገናኝ ነገር ከተናገረ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው አንዲት ደቂቃ መጠበቅ አይገባም። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስና አእምሮ ሲታወክ ነገሩ የቆዳ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ አንጎልን፣ ኵላሊትንና ልብን የሚያጠቃ ሕመም ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቆዳው ደርቆ ወይም በላብ ርሶ ሊገኝ ይችላል፤ «ላብ ስላለው ደኅና ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ከ39 ዲግሪ የሚበልጥ ትኵሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የማያቋርጥ ትውከት ነው። የሚጠጣውን ሁሉ የሚመልስ ሰው በቤት ሊታከም አይችልም።

ሦስተኛ፣ የውሃ ማለቅ ነው። የጋሼ ጥያቄ ይህን የሚመለከት ነበር። ሰው ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቈረ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲነሣ ዓይኑ ከጨለመበት፣ ልቡ በኀይል ከመታ ሰውነቱ እየደረቀ ነው።

አራተኛ፣ የእብጠቱ ስፋት ነው። የሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከመላ ሰውነቱ ቆዳ ከመቶ 1 እጅ ያህል ይሸፍናል። በበሽተኛው በራሱ መዳፍ መጠን ተለክቶ ውሃ የቋጠረው ስፍራ 10 መዳፍ የሚያህል ከሆነ ቃጠሎው ከባድ ነው። በፊት፣ በእጅ ወይም በኀፍረተ ሥጋ ላይ ከወጣ ግን አነስተኛ ቢሆንም ለሐኪም መታየት አለበት።

አምስተኛ፣ ዓይን ነው። ከሰዓታት በኋላ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ከቈረቈረ፣ ብርሃን ማየት ካቃተው ወይም እይታው ከደበዘዘ ጨረሩ ዓይኑንም ነክቶታል።

ስድስተኛ፣ ፊትና ከንፈር ማበጥ፣ መተንፈስም ማቃት ነው። ይህ ሲታይ ምክንያቱን ለመመርመር ጊዜ የለም።

ሰባተኛ፣ ከቀናት በኋላ የሚመጣ ነው። ቍስሉ መግል ከያዘ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ እንደ ገናም ትኵሳት ከተነሣ ቍስሉ አመርቅዟል።

ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሕፃን በፀሐይ ከተቃጠለ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

እስከ ሐኪም ቤት ድረስ

በመጀመሪያ ሰውየውን ወደ ጥላ ማግባት፣ ጠባብ ልብሱንና ቀለበቱን ማውለቅ ይገባል። አእምሮው ከታወከ አምቡላንስ ወይም መኪና እየተጠራ ሳለ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ማፍሰስ፣ እርጥብ ጨርቅ ማልበስና ማራገብ ያስፈልጋል። በመንገድም ላይ ይኸው አይቋረጥም። መኪና እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብዙ ሕይወት ያስከፍላል። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚቃዥ ሰው በአፉ ውሃ ማጠጣት ግን ወደ ሳንባው እንዲገባ ማድረግ ነውና ክልክል ነው፤ በጎኑ ማስተኛት ይበቃል። የትኵሳት ኪኒን እንዲህ ያለውን ሙቀት አያበርድም፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ውሃው ባለቀ ሰው ኵላሊት ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ የሚጠራበት ስልክ 907 ነው።

አእምሮው ደኅና የሆነ ሰው ውሃ ወይም ለተቅማጥ የሚሰጠውን የኦ.አር.ኤስ. ብጥብጥ ቀስ በቀስ ይጠጣ። የተቃጠለውን ቆዳ በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማብረድ ጥሩ ነው፤ በረዶ ግን ራሱ ቆዳን ይጐዳል። ውሃ የቋጠረውን ማፍረጥ አይገባም፤ ያ ስስ ቆዳ ለቍስሉ ክዳን ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥና የመሳሰለውን መቀባት ቍስሉን ከማቆሸሽ በስተቀር ጥቅም የለውም። እሬትን በሚመለከትም፣ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ቆዳን የሚያሳክክ ስለ ሆነ በተላጠ ቍስል ላይ ማፍሰስ አይገባም። ጠጅና አረቄም የቀረውን ውሃ ከሰውነት ያስወጣሉና ይቅሩ።

ስለ ምችም አንድ ቃል ልበል። እናቶቻችን ፀሐይ ከመታው ሰው ላይ ትኵሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቍስል ሲያዩ ምች ነው ይላሉ፤ ዳማከሴም ጨምቀው ያጠጣሉ፣ ያሻሉ። እኔ የእናቶችን ዕውቀት የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ እኔም በልጅነቴ ጠጥቼ አድጌአለሁ። ነገር ግን «ምች» የሚለው ስም ከተሰጠ በኋላ ሰው መጠየቁን ያቆማል። ዳማከሴውን የሚያጠጣ ሰው እግረ መንገዱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ስምህ ማን ነው? የት ነህ? ሽንትህን መቼ ሸናህ? መልሱ ካልተስተካከለ ቅጠሉን አስቀምጦ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ያድርስ።

መከላከያው ርካሽ ነው። ጥላህ ከቁመትህ ያነሰ እንደ ሆነ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ዣንጥላ ወይም የዛፍ ጥላ ያስፈልጋል። ውሃም ጥም ሳይጠበቅ በየጊዜው ይጠጣል። ስስ ደመና አለ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጨረሩ በደመናው ውስጥ አልፎ ይመጣል።

እኛ ወጣቶች በየጊዜው ወደ ገጠር እንላካለን። አንዳችን የዳሰሳ ጥናት እናደርጋለን፣ አንዳችን እናስተምራለን፣ አንዳችን መንገድ እንቀይሳለን። ስንሄድ ወረቀታችንንና መሣሪያችንን ሁሉ ቈጥረን እንይዛለን፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት እንደ ሆነና ሌሊት ማን መኪና እንደሚነዳ ግን ሳንጠይቅ እንነሣለን። ይህን መጠየቅ የቡድን መሪ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዳችን ሥራ ነው። ጓደኛ «አመመኝ» ሲልም፣ ቆዳው ምንም ቢመስል፣ ቃሉን መቀበል ይገባናል።

ባለፈው ወር ጓደኛዬ እንደ ገና ወደ ቈላ ወረደ። ሊሰናበተኝ ወደ ቢሮዬ ሲመጣ ትከሻውን የሚሸፍን ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ነበር። መልኩን አይቼ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ያ ምሽት ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። እርሱ ግን ገብቶት «ሳቅ እንጂ፣ አሁን ይፈቀድልሃል» አለኝ።